የሚሸጥ ኮርኒሽ አይቻለሁ፣ ልግዛው? ስለ ሮልስ ሮይስ ኮርኒሽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጣሪያው የሚታጠፈውን ሮልስ ሮይስ ኮርኒሽ ማስታወቂያ ላይ አይተው ልባቸው ለተሰቀለ ሰዎች ነው። ጥያቄዎቹ የሚበዙት እንግሊዝ አገር ካሉ ወገኖች ስለሆነ መልሱም በዚያው አገር ሕግና ገበያ ላይ የቆመ ነው። የአበሻ ዓመተ ምህረት ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮርኒሽ የትኛው ነው? ሁሉም ሮልስ ሮይስ አንድ ይመስለኛል።

ሁለት በር፣ አራት ሰፊ መቀመጫ፣ ከ2 ቶን በላይ ክብደት፣ ከፊት ደግሞ ያ የታወቀው ብርማ ፍርግርግ። መሠረቱ በ1965 የወጣው ሲልቨር ሻዶው ነው። የሻዶው ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው የሚታጠፍ ዓይነት በ1967 ወጣ፤ በማርች 1971 ተሻሽሎ ኮርኒሽ የሚል ስም ተሰጠው። ቦዲው ለንደን ውስጥ ሙሊነር ፓርክ ዋርድ በሚባለው የኩባንያው ክፍል በእጅ ነበር የሚሠራው። የተቀረው ከክሩ ከተማ ፋብሪካ ነው።

የወጣበት ጊዜ ራሱ ይገርማል። ሮልስ ሮይስ በአንድ የአውሮፕላን ሞተር ወጪ ታንቆ በፌብሩዋሪ 1971 ከሰረ፣ መንግሥትም ኩባንያውን ወረሰው። ኮርኒሽ ለገበያ የቀረበው ከዚያ በወሩ ነው። እናት ኩባንያው ወድቆ ሳለ ለዚህ ውድ መኪና ወረፋ የሚይዝ ሰው አልጠፋም።

የትኛውን ዓመት ልፈልግ?

መኪናው እስከ 1995 ድረስ ተሠርቷል፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው፣ ከሥሩ ግን በጣም ይለያያል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪኖች ቀጭን የክሮም ፓራኡርቶ ያላቸው ናቸው፤ በመልክ የሚደርስባቸው የለም። መሪያቸው ግን ልል ነው፣ መርከብ እንደመንዳት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በ1977 መሪው በአዲስ ዓይነት ተተካ፣ መኪናውም የታዘዘበት የሚሄድ ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኋላው የሞላ አሠራርና የሃይድሮሊክ ፈሳሹ ተቀየሩ፤ ፈሳሹን ልብ በሉት፣ እመለስበታለሁ። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኮርኒሽ 2 መጣ፣ ካርቡራተሩ በኢንጀክሽን ተተካ። በ1989 ኮርኒሽ 3፣ በ1992 ኮርኒሽ 4። በአራተኛው ላይ ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ሆነ፣ የኋላው የፕላስቲክ መስኮት በመስታወት ተተካ፣ ጣሪያውም በእጅ መቆለፍ ቀረለት። በመጨረሻ፣ በ1995፣ ቱርቦ የተገጠመለት ኮርኒሽ ኤስ ወጣ። እሱ የተሠራው 25 ብቻ ነው፤ ስለዚህ እሱን እንተወው።

እኔ ብሆን ከ1980 እስከ 1985 የተሠራውን ነው የምፈልገው። መሪው ጥሩ ነው፣ አዲሱን ፈሳሽ ይጠቀማል፣ ዕድሜውም 40 ስለሞላው ታክሱ ላይ ይረዳችኋል። ፓራኡርቶው ወፍራም ነው፣ አዎ። ይለመዳል። ለመልክ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ግን የ1970ዎቹን መጀመሪያ ግዙ፣ መሪው ላይም አታጉረምርሙ።

በ2000 የወጣው ኮርኒሽ ስሙን ብቻ የወረሰ ሌላ መኪና ነው። ማስታወቂያ ላይ እንዳይምታታባችሁ።

ዋጋው ስንት ነው?

እንግሊዝ አገር ሥራ የሚፈልገው ከ30 ሺህ ፓውንድ አካባቢ ወይም ከዚያም ዝቅ ብሎ ይገኛል። በደንብ የተያዘው እጥፉንና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ርካሹን የገዛ ሰው ልዩነቱን ለጋራዥ ይከፍለዋል፣ ብዙውን ጊዜም አስበልጦ። ሸራ ማስቀየር፣ ቆዳ ማልበስ፣ የዋልነት እንጨቱን ማደስ፣ ሃይድሮሊኩን ማፍረስና መግጠም፣ እነዚህ ሁሉ የሰዓት ሥራ ናቸው፤ የእንግሊዝ መካኒክ ሰዓት ደግሞ ስንት እንደሆነ እዚያ ላላችሁ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ጥያቄው መሆን ያለበት «ስንት ይሸጣል?» ሳይሆን «ያለፈው ባለቤት ስንት አውጥቶበታል?» ነው። ደረሰኝ ይቁጠሩላችሁ።

ፍሬኑ አስቸጋሪ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ገንዘብ የሚበላው ይሄ ነው።

የኮርኒሽ ፍሬን እንደ ተራ መኪና አይደለም። ሞተሩ ላይ ሁለት ፓምፖች አሉ። ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት ይገፉና ናይትሮጅን ጋዝ በተሞሉ ሁለት ክብ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ያከማቹታል። ፍሬኑም፣ የመኪናው ኋላ ሰውና ዕቃ ሲጫንበት ከፍታውን ጠብቆ እንዲቆም የሚያደርገው ዘዴም፣ የሚሠሩት ከዚያ በተከማቸው ግፊት ነው። ሐሳቡ የተወሰደው ከፈረንሳዩ ሲትሮይን በፈቃድ ነው። በደህናው ቀን ይሄን ከባድ መኪና በጣት ጫፍ ያህል ጉልበት ያቆመዋል። ሲታመም ግን ጎሚኒው፣ ቱቦው፣ ፓምፑ፣ ማጠራቀሚያው ሁሉም ተራ ይጠብቃል።

ለማየት ስትሄዱ ራሳችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ። መኪናው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ የማቆሚያ ፍሬኑ ተይዞ ይቁም። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ ይጥፋ። ቁልፉን መልሳችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ የክሩስኮት መብራቶቹ እስኪበሩ ብቻ አዙሩት። አሁን ፔዳሉን እየረገጣችሁ ቁጠሩ። የፍሬን ግፊት ማስጠንቀቂያ መብራት እስኪበራ ድረስ ደህናው መኪና ብዙ ርግጫ ይችላል፣ ሠላሳና አርባ ሲያልፍም ይታያል። አምስት ስድስቴ ረግጣችሁ ከበራ የማጠራቀሚያው ጋዝ አልቋል ማለት ነው። ሻጩ «እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ካለ ዋጋውን ቀንሱ ወይም ቡናችሁን ጠጥታችሁ ሂዱ።

የፈሳሹ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። የድሮዎቹ ኮርኒሾች አርአር 363 የሚባል ለነሱ የተዘጋጀ የፍሬን ፈሳሽ ነው የሚጠቀሙት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ በኋላ ያሉት የሚጠቀሙት ማዕድን ዘይት ነው። ሁለቱ ጠላት ናቸው። ማዕድን ዘይት በሚፈልገው መኪና ላይ አንድ ያልገባው ሰው ተራ የፍሬን ፈሳሽ ከጨመረበት ጎሚኒው በሙሉ ይበላሻል፣ ሲስተሙም ከላይ እስከ ታች ፈርሶ መሠራት አለበት። በመልካም ልብ፣ «ትንሽ ጎደለ ብዬ ሞላሁልህ» በሚል ሰው እጅ የተበላሹ አሉ። ኮፈኑን ክፈቱና ፈሳሹ የሚሞላበት ዕቃ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ሻጩንም የትኛውን ፈሳሽ እንደሚጨምር ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ ማን ሲጠግነው እንደነበር ታውቃላችሁ።

ዝገትስ?

አለ፣ ሞልቷል። የኋላ ጎማዎች ቅስት፣ ከበሩ ሥር ያለው ክፍል፣ ክሪክ የሚያርፍበት ቦታ፣ የኋላ ሞላ የሚቀመጥበት፣ ምንጣፉ ሥር ያለው ወለል። ወለሉ የሚበሰብሰው ብዙ ጊዜ ሸራው ውኃ ስለሚያስገባ ነው፤ ወፍራሙ ምንጣፍ ውኃውን ይዞ ይከርማል፣ ከላይ ምንም አይታይም። እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱት። ማሽተትም አያሳፍርም።

ማግኔት ይዘው የሚሄዱ አሉ፣ ስቱኮ ያለበትን ቦታ ለማወቅ። ጥሩ ነው፣ ግን በሮቹ፣ ኮፈኑና የኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን አሉሚኒየም ናቸው፤ ማግኔት አይዛቸውም። በሩ ላይ አልያዘም ብላችሁ ሻጩን አትቆጡት። ቅስቱ ላይ ካልያዘ ግን ተቆጡ።

አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ሲያጋጥማችሁ ደስ ከማለት ይልቅ ጠርጥሩ። ከሥሩ ምን እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ ከሌለ ቀለሙ የተቀባው ለእናንተ ዓይን ነው።

ሸራው ሲታጠፍ ችግር አለው?

ሸራው ብዙ ድርብ ያለው፣ ከውስጥም ገበር የለበሰ ነው። ሲዘጋ ድምፅ አያስገባም፣ ጠንካራ ጣሪያ ያለው መኪና ውስጥ የተቀመጣችሁ ነው የሚመስላችሁ። የሚያነሳውና የሚያወርደው ሞተር ነው። ከኮርኒሽ 4 በፊት ባሉት ግን ከመስታወቱ በላይ ያለውን መቆለፊያ በእጅ መፍታት አለባችሁ፣ ከታጠፈ በኋላም ሽፋኑን በእጅ ማልበስ። ዝናብ ድንገት ሲመጣ አያዋጣም፣ እንግሊዝ አገር መሆናችሁን አትርሱ።

ስትገዙ ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ አስከፍቱና አስዘጉ። አንዴ አይበቃም፤ ሁለተኛው ላይ የሚደክም ሞተር ስላለ ነው።

ሞተርና ካምቢዮ?

ቪ8፣ 6750 ሲሲ፣ አሉሚኒየም። ፋብሪካው የፈረስ ጉልበቱን አይናገርም ነበር፤ ሲጠየቅ «በቂ ነው» ይል ነበር። በቂ ነው። በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ግን እንደዚያ ለመንዳት የተሠራ አይደለም።

ሞተሩ ረጅም ዕድሜ አለው፣ ዘይቱና የራዲያተሩ ፀረ በረዶ በጊዜው ከተቀየረለት። የአሉሚኒየም ሞተር በተራ ውኃ ሲሞላ ከውስጥ ይበላል። ካምቢዮው የጄኔራል ሞተርስ ነው፣ በአሜሪካ መኪኖች ላይ የሚገኘው ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ፤ ጠንካራ ነው፣ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። ማርሽ መምረጫው ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ ካመነታ እሱን አስፈትሹ።

ነዳጅ እንዴት ነው?

ይጠጣል። በመቶ ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ብላችሁ ያዙ፣ ከተማ ውስጥ ከዚያም ይበልጣል። ታንከሩ ከ100 ሊትር በላይ ስለሚይዝ መሙላቱ ራሱ ትንሽ ያማል።

እንግሊዝ አገር ከ2021 ጀምሮ ተራው ቤንዚን 10 በመቶ ድረስ ኤታኖል አለው፣ ኤታኖሉ ደግሞ የድሮ የነዳጅ ቱቦዎችን ይጎዳል። ውድ የሆነውን ሱፐር ቅዱ፣ ቱቦዎቹም መቀየራቸውን ጠይቁ። ትኩስ ሞተር ላይ ነዳጅ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ቀልድ አይደለም።

ትንሽ ኪሎ ሜትር የሄደ አግኝቻለሁ። ደስ ይበለኝ?

አይበላችሁ። ቆሞ የኖረ ኮርኒሽ ከተነዳው የባሰ ነው። ጎሚኒ ይደርቃል፣ የፍሬን ፒስተን ይያዛል፣ ነዳጁ ታንከር ውስጥ ይበላሻል። በየሳምንቱ ወጣ እያለ፣ በየዓመቱ ሰርቪስ እየተደረገለት ብዙ መንገድ የሄደውን ምረጡ። ደላላው ይሄን አይነግራችሁም፣ ትንሽ ቁጥር ለመሸጥ ቀላል ነው።

ከካሊፎርኒያ የመጡ አሉ፣ ዝገት የላቸውም ይባላል።

ልክ ነው፣ አሜሪካ ብዙ ኮርኒሽ ተሽጧል፣ ደረቅ አገር የኖረው ላሜራው ደህና ነው። በምትኩ ፀሐይ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ የክሩስኮቱን እንጨት ይሰነጥቀዋል። እንጨትና ቆዳ ማደስ ርካሽ አይደለም፣ ግን ዝገት ከመቁረጥ ይሻላል፣ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። መሪው በግራ ነው፤ ለንደን ውስጥ ትንሽ ያስቸግራል፣ አውሮፓ ለመሻገር ግን የተሻለ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከእንግሊዝ ማስመጣት ብትፈልጉ 25 ዓመት ያለፈው መኪና የፌዴራሉን የደህንነት መስፈርት እንዲያሟላ አይገደድም። ግን እዚያው እያለ ለምን?

ወረቀቱስ?

የእንግሊዝ ሊብሬ ቪ5ሲ ይባላል። እሱ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ከ2005 ወዲህ ያለውን የዓመታዊ ምርመራ ታሪክ በመንግሥት ድረ ገጽ በሰሌዳ ቁጥሩ ብቻ በነፃ ታገኛላችሁ፤ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሆነ እዚያ ይጋለጣል፣ በምን እንደወደቀም ተጽፏል። ዕዳ እንዳለበት ደግሞ በትንሽ ክፍያ የሚያጣሩ አሉ።

የሮልስ ሮይስ ወዳጆች ክበብ ኖርዝሃምፕተንሺር ውስጥ ያለው ዋና ቢሮው የየመኪናውን የፋብሪካ መዝገብ ይዟል። ቀለሙ መጀመሪያ ምን እንደነበር፣ ለማን እንደተሠራ፣ ምን ልዩ ነገር እንደታዘዘለት ከዚያ ማግኘት ይቻላል። ሻጩ «ከፋብሪካ ሲወጣም ይሄው ቀለም ነው» ሲል ይጠቅማችኋል።

ታክስ፣ ቦሎ፣ የለንደን የአየር ብክለት ክፍያ?

40 ዓመት የሞላው መኪና እንግሊዝ አገር የመንገድ ታክስ አይከፍልም፣ ብዙ ካልተለወጠ በቀር ዓመታዊ ምርመራም አይገደድም፤ ለንደን ውስጥም ዩሌዝ ከሚባለው የአየር ብክለት ክፍያ ነፃ ነው። ነፃነቱ ግን በራሱ አይመጣም፣ ሊብሬው ላይ ታሪካዊ ተብሎ እንዲመዘገብ ማመልከት አለባችሁ። 40 ያልሞላው፣ ለምሳሌ የ1990 ኮርኒሽ፣ ለንደን ውስጥ በተነዳ ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ክልሉ የለንደንን ወረዳዎች በሙሉ ይሸፍናል። ከ1980 እስከ 1985 ያልኩት በከፊል ለዚህ ነው።

ባይገደድም በየዓመቱ አስመርምሩት። ከ2 ቶን በላይ ነው፣ ፍሬኑም ከላይ ያወራነው ነው።

ለሠርግ እያከራየሁ ወጪውን ልመልስ?

ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፣ የአበሻ ሠርግ ብዙ ነዋ። መጀመሪያ፣ የድሮ መኪና ኢንሹራንስ በብዛት ኪራይን አይሸፍንም፤ ለብቻው መግባት አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ለንግድ ሲውል ያ የታክስ ነፃነት ይቀራል። ሦስተኛው ማንም የማያስበው ነው፤ መኪናው ሁለት በር ነው። ሙሽራዋ ቬሎ ለብሳ የፊቱን መቀመጫ አጥፋ ወደ ኋላ ስትገባ አስቡት፣ ሚዜዎቹም ከበው ሲገፉ። ለሠርግ ከሆነ አራት በሩን ሲልቨር ሻዶው ግዙ፣ በጣም ይረክሳልም።

አገር ቤት ልላከው እችላለሁ?

አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባት እጅግ ውድ ሆኖ ነበር።

ቤንትሊ ኮንቲኔንታል የሚል አየሁ፣ ቁርጥ ኮርኒሽ ነው።

ራሱ ነው። ፍርግርጉና ምልክቱ ብቻ ይለያል። እስከ 1984 ቤንትሊ ኮርኒሽ ይባል ነበር፣ ከዚያ ኮንቲኔንታል ተባለ። የተሠራው በጣም ጥቂት ነው፣ ሰውም በመንገድ ላይ ያን ያህል አያፈጥበትም። ዓይን የማትወዱ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው፤ መለዋወጫውም አንድ ነው፣ ብዙው ዛሬም ይገኛል።

ይሄ ሁሉ ከበደኝ። ሌላ አለ?

ጃጓር ኤክስጄኤስ። ሙሉ በሙሉ ጣሪያው የሚታጠፈው ከ1988 ጀምሮ ተሠርቷል። ባለ 12 ሲሊንደሩን ትታችሁ ባለ 6ቱን 4 ሊትር ግዙ። ዋጋው ከኮርኒሽ በእጅጉ ያንሳል፣ ማንኛውም ጃጓር የሚያውቅ ጋራዥ ይሠራዋል። የኋላ መቀመጫው ለልጅ እንኳ ይጠባል፣ ኮርኒሽ ላይ ያለው ዝምታም የለውም።

ለማየት ልሄድ ነው። ለሻጩ ምን ልበለው?

ስልክ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ «እስክመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳው።» ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፤ ከሞቀ ቀዝቃዛ ሲነሳ የሚሰማውን ነገር ደብቋል። ባትሪ መብራት፣ የሥራ ልብስና ስቱኮ የሚያውቅ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ከሥሩ ግቡ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት፣ ማቀዝቀዣውንና ሁሉንም መስኮት ሞክሩ፣ ስትመለሱም ሞተሩን ሳታጠፉ አቁሙትና የሙቀት መለኪያውን አይታችሁ ጥቂት ቆዩ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ እነዚህን መኪኖች ብቻ የሚሠራ መካኒክ፣ ሻጩ ያልመረጠው፣ ይየው። ሻጩ ይሄን እንቢ ካለ ሌላ ማስታወቂያ ክፈቱ።